አንድ ጭራ ምን ይከብዳል?

ሒሳቡ የማያሻማ ነበር። በገና ዐሥር አውታር አለው። ጊታር ስድስት። ክራር አምስት፣ ሲበዛም ስድስት። ማሲንቆ ግን አንድ ብቻ፤ እሷም የፈረስ ጭራ። ሙዚቃ ልማር ብዬ የተነሣሁት ዕድሜዬ ከገፋ፣ ፀጉሬም ከግንባሬ ከሸሸ በኋላ ስለሆነ የማባክነው ጊዜ አልነበረኝም። ዐሥር አውታር የሚማር ሰው ዐሥር ጊዜ ይለፋል፤ አንድ አውታር የሚማር አንድ ጊዜ ለፍቶ ይገላገላል። ዋሽንትንም አስቤው ነበር። ቀዳዳዎቹን ስቆጥር አራት ሆኑብኝና ተውኩት።

ይህን ስሌት ለመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ባስረዳው፣ «እንደዚያማ ከሆነ ከበሮ አትይዝም? እሱ እኮ ጭራሽ አውታር የለውም» አለኝ። ይህ ጓደኛዬ ሲያሾፍ ፊቱ ስለማይለወጥ ምክሩን ከቀልዱ መለየት ያስቸግራል። ለማንኛውም አልሰማሁትም።

አስተማሪ መያዝ የሚባለውም ነገር አልታየኝም። አዝማሪው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት ያድራል፤ ታዲያ እኔ ዲግሪ ይዤ እንዴት ያቅተኛል? ስልኬ ላይ ዩቲዩብ አለ። ጭራዋ ስትነካ ትጮኻለች፣ ሲተዋት ዝም ትላለች። ከዚህ ሌላ ምን ምሥጢር ይኖራታል?

ማሲንቆዬን የገዛሁት ቸርችል ጎዳና ላይ ከተደረደሩት የባህል ዕቃ መሸጫዎች ከአንዱ ነው። ግድግዳው ላይ ብዙ ተሰቅለው ነበር። እኔ የመረጥኩት ጌጡ የበዛውን ነው፤ ዙሪያውን በዛጎል የታጠረ፣ የፍየል ቆዳው ላይ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ የተሣለበት። ሻጩ በጨርቅ እየወለወለ፣ «ለሳሎን ነው ለመኝታ ቤት?» አለኝ። የት ሆኜ እንደምለማመድ የጠየቀኝ መስሎኝ፣ «ለሳሎን» አልኩት። «ጥሩ ነው፤ ከሳሎን ጋር ይሄዳል» ብሎ ሚስማር መረቀልኝ። ሚስማሩ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። የማሲንቆ መለዋወጫ ይሆናል ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ቤት ገብቼ በሬን ዘጋሁ። በዩቲዩብ እንዳየሁት ወንበር ላይ ተቀምጬ ማሲንቆውን ታቀፍኩ፤ ደጋኑን አነሣሁ፤ ዐይኔንም ጨፈንኩ፤ አዝማሪዎች ሲጫወቱ ዐይናቸውን ሲጨፍኑ አይቻለሁና። ሳብኩት። ዝም። ገፋሁት። ዝም። ጠበቅ አድርጌ ሳብኩት። ከቤተ ጊዮርጊስ ላይ ትንሽ ቀለም ረገፈ እንጂ ድምፅ የሚባል ነገር አልወጣም። መቃኛውን ባጠብቀው ያው ነው፤ ባላላው ያው ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ማሲንቆ መጥፎ ድምፅ ሊያወጣ እንደሚችል ነበር የጠረጠርኩት፤ ጨርሶ ድምፅ አላወጣም ሊል እንደሚችል ግን ማንም አልነገረኝም።

ጉዳዩን የፈታው የግቢያችን ዘበኛ ነው። የጎንደር ገጠር ልጅ ነው፤ ለወሬም አይቸኩልም። ከሁለት እጄ ተቀብሎ አገላብጦ አየውና፣ «ጋሼ፣ ዕጣን አስነክተውታል?» አለኝ።

«ዕጣን? ሊጸልይ ነው እንዴ?»

ሳቀ። ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ እያስረዳ ነገረኝ። የደጋኑ ጭራ የማሲንቆውን ጭራ ይዞ መልቀቅ፣ ይዞ መልቀቅ አለበት፤ ድምፁ የሚወለደው ከዚያ መያዝና መልቀቅ ነው። ጭራ ለብቻው ልስልስ ነው፤ ይንሸራተታል። ዕጣን ወይም የዛፍ ሙጫ ሲነካ ግን ይነክሳል። አዝማሪዎች በየዘፈኑ መሐል ደጋናቸውን የሚያሹት ለጌጥ አይደለም ማለት ነው። እኔ ላብ ሲጠርጉ ይመስለኝ ነበር።

ዕጣን የት ይገኛል? አከራዬ ቡና ካፈሉበት ዘንድ ይገኛል። እትዬ ከሰዓት በኋላ ቡናቸውን ጠጥተው ጋደም ሲሉ፣ የዕጣን ሙዳያቸው ረከቦቱ አጠገብ ሳይከደን ይቀራል። ከዚያች ሙዳይ ላይ ትንሽ ትንሽ መቆንጠር ጀመርኩ። እሳቸውም ቀን ከቀን የዕጣኑ ነጋዴ ሚዛን እየሰረቀ ነው እያሉ ይራገሙ ነበር። እኔም አብሬ አማሁት።

ደጋኑ ዕጣን በነካ ዕለት ማሲንቆው ጮኸ። ምን ዓይነት ጩኸት እንደነበር ከእኔ ይልቅ እትዬ ቢናገሩት ይሻላል። በመስኮት ብቅ ብለው ዘበኛውን ጠሩት። «አንተ፣ ያ የውጭ በር እንደገና ዝጓል፤ ማጠፊያውን ዘይት አስነካው!» አሉት። ዘበኛው ወደ እኔ መስኮት ቀና ብሎ አየ። እኔ ደጋኔን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ምንም ሳይል ዘይት ይዞ ወጥቶ የተላከበትን ፈጸመ። እግዜር ይስጠው፣ እንዲህ ያለ ምሥጢረኛ አላየሁም። በማግስቱም እኔ ስጀምር እሱ ዘይቱን አንሥቶ ወደ በሩ ይሄዳል። ማጠፊያው ዘይት ጠጥቶ ጠጥቶ በሩ በነፋስ ብቻ የሚከፈት ሆነ፤ ጩኸቱ ግን አልቀነሰም። በመጨረሻ እትዬ ብረት በያጅ አስጠሩ። በያጁ በሩን ነቅሎ፣ አዲስ ማጠፊያ በይዶ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ያን ቀን ማታ ልምምድ አላደረግኩም፤ የሰውየው ሥራ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይከበር ብዬ።

ድምፅ መውጣቱ ግን ሙዚቃ መውጣቱ አይደለም። ዕዳዬ ገና ከዚያ ጀመረ። ፒያኖ ላይ ጣታችሁን ብታሳርፉ፣ ጣታችሁ ምንም ቢሰንፍ ድምፁ የተቃኘ ነው፤ ተቃኝቶ ነው የሚጠብቃችሁ። ጊታርም አንገቱ ላይ የብረት ገደብ አለው፤ ጣት ትንሽ ቢስት ገደቡ ያርመዋል። ማሲንቆ ላይ ምንም የለም። ጣት ጭራውን ይነካዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር እንኳ አያጣብቀውም፤ ጭራው አየር ላይ ነው ያለው። የት ላይ እንደሚነካ የሚያውቀው ጆሮ ብቻ ነው። ጣት የጤፍ ቅንጣት ታህል ስትሸሽ ዜማው ሌላ ሆነ ማለት ነው። ከትዝታ ቅኝት ተነሥቼ ስንገታገት ባቲ ቅኝት ደረስኩ ስል፣ ባቲም አይደለም። አምባሰልም አይደለም። ባቲም አምባሰልም በወሎ የሚገኙ የአገር ስሞች ናቸው፤ እኔ ግን ከሁለቱም ሳልደርስ መንገድ ላይ የቀረሁ መንገደኛ ነበርኩ። አንቺሆዬማ ገና ከመነሻው እንደማይሆንልኝ ገብቶኝ አልነካሁትም።

ዩቲዩቡም የረዳኝን ያህል አሳስቶኛል። ተጫዋቹ ፊት ለፊቴ ስለሚቀመጥ ቀኙ ግራዬ፣ ግራው ቀኜ ይሆንብኛል። መስተዋት ፊት ስልኬን አቁሜ ሞከርኩ። አሁን ደግሞ እኔ ራሴ ተገለበጥኩ። ቪዲዮውን አዝግሜ ባየው ጣቶቹ ይታያሉ፣ ዜማው ግን ይጠፋል፤ በልኩ ፍጥነት ባየው ዜማው ይሰማል፣ ጣቶቹ ግን አይታዩም።

በዚህ ተስፋ በቆረጥኩበት ወራት አንድ መጽናኛ አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1963 ትውልደ ግብፁ የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ አዲስ አበባ ውስጥ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ከየብሔረሰቡ ባህላዊ መሣሪያ ተጫዋቾችን በአንድ መድረክ ያሰባሰበ ቡድን ነው፤ ኋላ ተስፋዬ ለማ ለረጅም ጊዜ መርቶታል። ቻርልስ ሰተን የሚባል አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ በዚያው ዘመን መጥቶ ማሲንቆ ተማረ፤ ከኦርኬስትራውም ጋር ተጫወተ። እ.ኤ.አ. በ1969 ከቡድኑ የተውጣጡት «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም አሜሪካን ሲዞሩ አብሯቸው ነበር፤ በታዋቂው የኤድ ሰለቫን የቴሌቪዥን ዝግጅትም ቀርበዋል። እንግዲህ ይህ ሰው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ በአገሩ የሌለውን ማሲንቆ አሜሪካ ድረስ ወስዶ ተጫውቷል። እኔ የዚሁ አገር ልጅ፣ እዚሁ ያደግኩ፣ ዕጣን ከእጄ የማይለይ፣ እንዴት ያቅተኛል? ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር ወኔዬ ይነሣሣል። ሰውየው የተማረው ከጌታመሳይ አበበ እጅ መሆኑን ግን ጋዜጣ እንደሚገልጥ ሰው ዐልፌው ነበር። ጌታመሳይን የመሰለ የማሲንቆ ሊቅ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያስተማረውን ሰው፣ ከስልክ ስክሪን ጋር ከሚታገለው ከእኔ ጋር ማወዳደሬ ነው።

ወሬ እግር የለውም ይባላል እንጂ የእኔው እናቴ ዘንድ ለመድረስ አልዘገየም። ደወለች።

«አዝማሪ ሆነ ይሉኛል፤ እውነት ነው?»

«ኧረ እማዬ፣ ለመዝናናት ያህል ነው።»

«ለዚህ ነው በሽሮ ያስተማርኩህ?»

እናቴን አልፈርድባትም። አገሩ አዝማሪን ሲወድ የኖረው በሩቁ ነው። ሰርጉ ያለ እሱ አይደምቅም፤ ጌታው ያለ እሱ አይወደስም፤ ልጁን ለአዝማሪ የሚድረው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህም ሙያው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከቤት ወደ ቤት ሲተላለፍ ኖረ። አዝማሪዎች ሌላ ሰው እንዳይሰማቸው እርስ በርስ የሚግባቡበት የራሳቸው የምሥጢር ቋንቋ እንኳ አላቸው። ንቀቱ ግን ከፍርሃት ጋር የተጋባ ነው። አንዲት ጭራና ሰምና ወርቅ የያዘ ሰው ደረቱን በነፋ ሹም ፊት ቆሞ፣ ሹሙ እየሳቀ ሊሰድበው ይችላል። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የፋሺስቱ አገዛዝ አዝማሪዎችን ከጠንቋዮች ጋር አንድ ላይ እያሳደደ አስገድሏል። መትረየስና አውሮፕላን የያዘ መንግሥት በአንዲት የፈረስ ጭራ ደንግጦ ነበር ማለት ነው። ይህን ሁሉ ለእናቴ በስልክ ባስረዳት፣ «እንግዲያው መንግሥት እንዳያስርህ ተወው» አለችኝ። ክርክሬን ከእኔ በተሻለ ተጠቀመችበት።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ሲጋመስ ማሲንቆዬ አዲስ አመል አመጣ፤ ዕጣን ቢቀባ፣ ጭራው ቢጠብቅ፣ ድምፁ እየታፈነ ሄደ። ዘበኛው ቆዳውን በጣቱ መታ አደረገና፣ «እርጥበት ጠጥቶ ረግቧል፤ ትንሽ ሙቀት ይፈልጋል። ፀሐይ ቢወጣ ጥሩ ነበር» አለኝ። ፀሐይ? በሐምሌ? በአዲስ አበባ? እትዬ ቡና ሊያፈሉ ከሰል አቀጣጥለው ወደ ጓዳ ገብተው ነበር። ማሲንቆውን ወደ ምድጃው ጠጋ አደረግኩት። ቆዳው ሲወጠር ይሰማኛል፤ መታ ሳደርገው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠኝ። ትንሽ የበለጠ ቢሞቅ ደግሞ የበለጠ ይጠራል ብዬ ይበልጥ አስጠጋሁት። ያ ሁሉ ወር ያላወጣውን ትልቅ ድምፅ ያን ጊዜ አወጣ። ጧ! ቤተ ጊዮርጊስ ከጣሪያው እስከ መሠረቱ ለሁለት ተከፈለ።

እትዬ ሮጠው ሲወጡ እኔ፣ ከሰሉ፣ የተቀደደው ማሲንቆና ክዳኗ የተከፈተ የዕጣን ሙዳይ አንድ ላይ ነን። አንድ በአንድ አዩን። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ውጭው በር ዞሩ።

«ታዲያ በሩ ምን አደረገኝ?» አሉ።

ዘበኛው ከኋላቸው ቆሞ፣ «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» ብሎ ተረቱን ጣል አደረገና ወደ ማማው ሄደ። ተረቱ ለቆዳውም ለእኔም የሚሆን ስለነበር ለማናችን እንደተተረተ አልጠየቅኩትም። እትዬ የበያጁን ሒሳብ ከወሩ ኪራይ ጋር ደምረው ተቀበሉኝ። የዕጣኑን ግን ምረውኛል። «ለነጋዴው ንስሐ ግባ» ብቻ ነው ያሉኝ።

ማሲንቆውን ወደ አንድ መሣሪያ ሠሪ ወሰድኩት። ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ ቆዳውን፣ ቀጥሎ ሳጥኑን፣ በመጨረሻ እኔን አዩ። «ልጄ፣ ይሄ ሊታይ ነው የተሠራው፤ ሊሰማ አይደለም» አሉኝ። ኪሴ ውስጥ የቀረው ሚስማር ለምን እንደተመረቀልኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ዛጎሎቹን ነቃቅለው፣ የሳጥኑን እንጨት አሳስተው፣ ሥዕል የሌለበት ቆዳ ወጥረው፣ ጭራውን በረጅም ጭራ ለውጠው ሰጡኝ። ጌጡ ሁሉ ሲሄድለት ድምፅ መጣለት።

አዲሱን ማሲንቆ ይዤ በአንድ ቅዳሜ ማታ አዝማሪ ቤት ገባሁ። ሐሳቤ ጥግ ይዤ የአዝማሪውን ጣት በቅርብ ማየት ነበር። ማሲንቆ ታቅፎ አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ግን ጥግ አይሰጠውም። አዝማሪው በግጥም እየተቀበለ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሲዞር እኔ ጋ ደረሰና ቆመ። «ወንድሜ፣ ያዝ እንጂ፤ እስቲ አንድ ጊዜ!» አለኝ። ቤቱ አጨበጨበ። እምቢ ማለት አይቻልም። ትዝታ ጀመርኩ። አዝማሪው ጥቂት አዳመጠኝ፤ ከዚያ በእጁ አስቆመኝና የራሱን አንሥቶ፣ ወደ ቤቱ ዞሮ እንዲህ አለ፦

ማሲንቆ ቢነካ ሰፈር ተሸበረ፣
ጭራ ያበደረው ሊከሰው ነበረ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ከኪሴ ብር አውጥቼ ግንባሩ ላይ ለጠፍኩ። በገንዘቤ ተሰደብኩ ማለት ነው፤ የአዝማሪ ቤት ሕጉም ይኸው ነው።

ሰው ሲቀዘቅዝ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ማን ነው ያስተማረህ?» አለኝ።

«ራሴ ነኝ።»

«ሌላ ፈልግ። ይሄኛው አይችልም።»

ከዚያ ደጋኑን ከእጄ ወስዶ አስቀመጠውና፣ «ዝፈን» አለኝ። ድምፅ የለኝም አልኩት። «ከሌለህ ማሲንቆው ምኑን ይከተላል?» አለኝ። የሥራው ቁልፍ እዚህ ጋ ነበር። አዝማሪ መጀመሪያ ማሲንቆውን በራሱ ድምፅ ልክ ይቃኛል፤ ከዚያ ያዜመውን ማሲንቆው እየተከተለ ይደግምለታል። ከውጭ መጥቶ «ልኩ ይህ ነው» የሚለው ነገር የለም። ጆሮውም፣ ጉሮሮውም፣ ግጥሙም፣ ጣቱም የተጫዋቹ ነው። እኔ ስቆጥር የኖርኩት የአውታሩን ብዛት ነው። መሣሪያው አውታር ባነሰው ቁጥር የጎደለውን የሚሞላው ተጫዋቹ ነው፤ በገና ዐሥር ሆኖ የሚሸከመውን ማሲንቆ ለአንድ ሰው ጆሮ ያሸክመዋል። ይህን ደግሞ በስልክ የሚያስተምር የለም፤ አጠገብህ ተቀምጦ ጣትህን መታ እያደረገ «ዝቅ! ከፍ! አሁን ዝፈን!» የሚልህ ሰው ያስፈልጋል። የአዝማሪ ልጅ ትምህርት ቤት ሳይገባ ይጫወታል ብዬ ስመጻደቅ፣ ልጁ ከአባቱ ጉልበት ሥር ሆኖ ያሳለፈውን ዘመን ረስቼው ነበር።

አሁን አስተማሪ አለኝ፤ ትዝታ ጀምሬ ትዝታ ላይ እጨርሳለሁ። ከዚያ በላይ የምኩራራበት ነገር የለኝም። ማሲንቆ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ምክሬ ይኸው። ጌጥ የበዛበትን ለግድግዳ ተዉት። ዕጣናችሁን በራሳችሁ ገንዘብ ግዙ። ቆዳው ሲረግብ ፀሐይ ጠብቁ እንጂ ከሰል አታስነኩት። ከመጀመራችሁ በፊት ለጎረቤት ተናገሩ፤ በሰው በር አታመኻኙ። ከሁሉ በፊት ግን የሚያውቅ ሰው ፈልጉ፤ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እንኳ ማሲንቆን ከፒያኖና ከቫዮሊን እኩል በአስተማሪ ነው የሚያስተምረው። መማሩ ይቅርብን የምትሉም፣ አዝማሪ ፊታችሁ ቆሞ ሲገጥም ስልካችሁን አስቀምጡና አዳምጡት፤ ግንባሩ ላይ ስትለጥፉም ትንሿን ብር ፈልጋችሁ አታውጡ።